የሥራ ስምና የክርስትና ስም

በካሜራ ፊት ለአዋቂዎች ትዕይንት በማቅረብ የምትተዳደር ሴት እናቷ በምትጠራት ስም አትሠራም። ሌላ ስም ታወጣለች፤ ከብዙዎች መካከል ተለይታ እንድትታወቅም አንድ ገጸ ባሕርይ ትይዛለች፦ ዓይን አፋር፣ ቁጡ፣ ተጫዋች፣ ወይም የሰው ብሶት አዳማጭ። ይህ መሸሸግ ውሸት ነው ወይስ ራስን መጠበቅ? ጥያቄው ከኢንተርኔት በፊትም ነበር።

በቦሌ አካባቢ፣ ቺቺኒያ በሚባለው የምሽት ሰፈር፣ ደንበኛ ሴተኛ አዳሪዋን ስሟን ሲጠይቅ የሚነገረው የሥራ ስም ነው። ብዙውን ጊዜ ጠያቂውም የራሱን አይናገርም። ሁለቱም ይህን ስለሚያውቁ ተታለልኩ የሚል የለም። ሐሰት ሰውን የሚጎዳው አምኖ የተቀበለውን ሲከዳ ነው፤ እዚህ ግን በስሙ ላይ የተጣለ እምነት የለም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጣታል። በዚህ ስም የምትጠራው ስትቆርብ ነው፤ ስትሞትም ፍትሐት የሚደረግላት በዚሁ ነው። መተተኛ እንዳይሰማው ተብሎ ከባዕድ የሚደበቅበት ልማድም አለ። ስለዚህ ለሁሉም የማይሰጥ ስም መያዝ ለአገሬው ሰው ነውር ሆኖ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን የካሜራ ሥራ ኃጢአት ትለዋለች፤ ሠሪዋን ግን በዚያ ብቻ አትመዝናትም። ሚያዝያ 6 የምትታሰበው ግብፃዊቷ ማርያም በእስክንድርያ በዝሙት ስትኖር ቆይታ ከዮርዳኖስ ማዶ በረሃ ገባች። ለአባ ዞሲማስ ሕይወቷን አንድ ሳታስቀር ተናዘዘች፤ እስክትሞት ድረስም ለማንም እንዳይነግር አደራ አለችው። ስሟን ግን አልነገረችውም፤ ሽማግሌው ያወቀው አስከሬኗን ባገኘ ጊዜ መሬት ላይ ተጽፎ አንብቦ ነው። በንስሐዋ መካከል እንኳ ለራሷ ያስቀረችው ነገር ነበር፤ ይህም ቅድስናዋን አላጎደለውም።

አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክሺልድ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆች ፈገግታቸውን እንደ ሥራ እንደሚያቀርቡ አሳይታለች። ላይ ላዩን የሚታይ ትወና አለ፤ ስሜቱን ከውስጥ ቀስቅሶ የሚሠራም አለ። የመጀመሪያው ያደክማል፤ ሁለተኛው ሰውየው የራሱ የሆነውን ስሜት እንዳይለይ ያደርገዋል። ከራስ ጠባይ በጣም የቀረበ ገጸ ባሕርይ የሚያሰጋው በዚህ ነው፤ ሲጀመር ይቀላል፣ ሲያልቅ አይወልቅም።

ስለዚህ በሥራውና በራስ መካከል ያለው ድንበር መሰመር ያለበት ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ የተመልካቹ ስጦታ እየተቆለለ የሚሰመር ድንበር ጨረታ ይሆናልና። ማተብና ነጠላ ለትዕይንት እንደማይቀርቡ፣ የልጅ ድምፅና አለባበስ በማንኛውም ዋጋ እንደማይሞከር፣ የቤተሰብ ወሬ እንደማይነሳ አስቀድሞ ይቆረጣል። በመስኮት የሚታይ የቦሌ መድኃኔዓለም ጉልላት ብቻውን ሰፈር ይናገራል፤ ስም ቀይሮ መጋረጃ መክፈት ከንቱ ነው።

ከዚህ በላይ ግን አቅራቢዋ የማትቆጣጠረው አለ። ተመልካቹ ቀድቶ ያስቀረው ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ጸያፍ ምስል መሥራትንም ማሰራጨትንም ይከለክላል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ደግሞ በምስል ማስፈራራትን ያስቀጣል። የተዛተባት ሴት ግን ለአቤቱታ ስትሄድ ራሴም እከሰሳለሁ ብላ ትፈራለች፤ አስፈራሪውም የሚተማመነው በዚህ ዝምታ ነው። ሥራዋን የሚኮንን ሰው ይህን ዛቻ ከእሷ ኃጢአት ጋር አንድ አድርጎ ሊቆጥረው አይገባም፤ ያለ ፈቃዷ ቀድቶ የሚዝትባት ሰው በደል የራሱ ብቻ ነው።