የእንዶድ አረፋና የሐኪም ተዝካር

በጅጅጋ ከተማ ሰው ሲሞት በአንደኛው ግቢ ፍትሐት ተደርጎ፣ አርባውና ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እየተቆጠረ ተዝካር ይወጣል፤ በአጥር በሚዋሰነው በሌላው ግቢ ደግሞ ቁርኣን ተቀርቶ ሰደቃ ይበላል፤ ሁለቱም ቤቶች በሥርዓታቸው ቢለያዩም በልባቸው የሚያወጡት የሚያወርዱት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ካለፈ በኋላ ከእርሱ የሚቀረው ምን እንደሆነ፣ የቀረውስ በማን ስም እንደሚቆጠር ነው። የእስልምና ሊቃውንት ሰደቃ ጃሪያ የሚሉት ትምህርት አላቸው፤ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለመንገደኛ ውሃ ያጠጣ ወይም ሰዎች የሚጠቀሙበትን ዕውቀት ትቶ ያለፈ ሰው፣ ውሃው እስከተጠጣና ዕውቀቱ እስካገለገለ ድረስ ምንዳው አይቋረጥበትም። የክረምት ዝናም በበርካ፣ ማለትም በውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ ተጠራቅሞ ለበጋ በሚጠበቅበት በዚህ አገር፣ ዕውቀትና ውሃ ለምን ጎን ለጎን እንደተነሡ ለማስረዳት መምህር አያስፈልግም።

ነገሩን በባዶው ከማሰላሰል በአንድ ሰው ሕይወት ላይ አስደግፎ ማየት ይሻላልና የሐረርጌውን ተወላጅ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ አነሣለሁ፤ ዓመታቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር ስጽፍ አንባቢ ይታገሠኝ። እርሳቸው በ1964 በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ የተቀበሉ ተመራማሪ እንጂ በድውይ አልጋ አጠገብ ቆመው የልብ ትርታ የሚያዳምጡ ሰው አልነበሩም። ቢሆንም ሐኪም የሚለው ቃል በዐረብኛው ጠቢብ ማለት ነውና ስሙን ብሰጣቸው ያጋነንሁ አይመስለኝም፤ መርፌ የሚወጋ ሁሉ ሐኪም በሚባልበት ዘመንማ ይልቁንም አነሰባቸው።

የተከታተሉት ደዌ ቢልሃርዝያ ነው። ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ትሉን ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ሲሆን፣ የትሉ እንቁላል ከታመመው ሰው ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ተፈልፍሎም በአንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ በውሃው የሚዋኘውን ሕፃን፣ ልብስ የምታጥበውን እናት፣ መስኖ የሚመራውን ገበሬ ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣዋ ከሞተች ትሉ ማደሪያ ያጣል። ይህን ዓለም ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ቀንድ አውጣ የሚገድለው የፋብሪካ መድኃኒት ዋጋው ውድ በመሆኑ፣ በሽታው የበረታበት ድኻ አገር ሊገዛው አይችልም ነበር።

በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ደዌውን ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ፣ በአገሬው አጠራር በሸብቲ፣ ልብስ ሲያጥቡ አረፋው ከሚወርድበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከላይ ያሉት ግን ሕያዋን ነበሩ። ከላይ ሕያዋኑን ለቅመው በዕቃ ውስጥ አኖሩና ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ከአረፋዋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኑአት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ወዲያው ሞቱ። ታሪኩ በሙሉ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ላቦራቶሪ፣ ሚዛንና መጽሔት ሁሉ ይህችን አንዲት ጭልፋ አረፋ ለመተርጐም የተደረገ ድካም ነው ብል አልተሳሳትሁም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። እንዶድ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የአገራችን እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት ዘመናት አልፈዋል። ታዲያ ግኝቱ የማን ነው? የግእዙን ቋንቋ ብንጠይቀው ረከበ ማለት አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያው ሥር የበቀለው የአማርኛው ተረከበ ግን ከሰው እጅ ተቀበለ ማለት ሆኗል። በእኔ አስተያየት የአክሊሉ ለማ ክብር ያለው በእነዚህ በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ነው፤ ሌላው ሰው አገኘሁ ብሎ የሚፎክርበትን እርሳቸው ተረከብሁ ብለው ያዙት፤ ስለ ሥራቸው ሲናገሩም የወንዙን ዳር አጣቢ ሴቶች ያነሡ ነበር። መጽሐፈ ሲራክ በአንድ ስፍራ ሐኪምን አክብሩ፣ የፈውስ ዕፀዋትንም ከምድር ያወጣ ፈጣሪ ነው እያለ ያስተምራል፤ አባቶችን በሚያመሰግንበት በሌላው ስፍራ ደግሞ ስም ትተው ያለፉ እንዳሉ ሁሉ መታሰቢያ የሌላቸውም እንዳሉ ሳይሸሽግ ይናገራል። የዐድዋው ወንዝ ዳር እነዚህ ሁለት ወገኖች ፊት ለፊት የተገናኙበት ነው።

በ1966 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ከዕፀዋት ተመራማሪው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነውም ከብዙ የእንዶድ ዐይነቶች ብርቱውን ለይተው አወጡ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ የበሽተኛው ቁጥር ከመቶ 63 ወደ 33 ወረደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ግን ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምቆመው በዚህ በኋለኛው ቁጥር ላይ ነው። መልካም የቤተሰብ አባት የሚባለው የራሱን ልጆች ያሳደገ ብቻ ከሆነ ቃሉ ጠባብ ነው፤ በዐድዋ ወንዝ እየተንቦጫረቁ ሳይታመሙ ያደጉት ልጆችም አባት አላቸው። ዶክተሩም ኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ውስጥ፣ ፍሎረንስ በሚገኘው የሕፃናት ጉዳይ ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነው መሥራታቸው ከዚሁ መንገድ የወጣ አልነበረም።

ዓለም ግን ፈጥኖ አልተቀበላቸውም። የእንዶድ ጉዳት አልባነት በታወቀ መለኪያ ይመርመር ተብሎ ዓመታት አለፉ። ምርመራው በራሱ ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ጥንቃቄ ያሻዋል። ነገር ግን በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስቶክሆልም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በተቀበሉ ጊዜ፣ ለአፍሪካ ምርምር እንቅፋቱ የገንዘብና የመሣሪያ ማጣት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ምድር መልካም ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ ለማመን የሚቸገር ልቡናም እንደሆነ በግልጥ ተናገሩ። ጥቂት ቆይቶም በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል ፍጥረት እንዶድ እንደሚገድለው ታወቀ፤ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ጥቅም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አፍሪካዊው ሕፃን ሲታመም ዓመታት የተለመነለት ዕፅ፣ የባለጠጋ አገር ቧንቧ ሲደፈን ወዲያው ባለቤት አገኘ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በኤፕሪል 5 ቀን 1997 ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ከእንዶድ የተለየው ገዳይ ንጥረ ነገርም ከአባታቸው ስም ተወስዶ ለማቶክሲን ተብሏል፤ ልጅ ለአባቱ ካወጣው ተዝካር ሁሉ እንዲህ ያለ አልሰማሁም። የዚያች አንድ ጭልፋ አረፋ የሰጠች ሴት ስም ግን በምንም ነገር ላይ አልተሰየመም።

በጅጅጋ ገበያ ከጎብ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጀው ቀሲል በዱቄት መልክ ይሸጣል፤ የሶማሌ እናቶች በውሃ በጥብጠው አረፋውን ለፊታቸውና ለጠጉራቸው ይታጠቡበታል። በዚህች ከተማ ሳይንስ የምትማር ወንድሜ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከሻጮቹ ከአንዲቱ ዘንድ ቁጭ በልና ቅጠሉ መቼ እንደሚቀጠፍ፣ በምን እንደሚደርቅ፣ ለምን ለምን እንደሚበጅ ጠይቃት፤ የነገረችህንም ስትጽፍ ፈቃዷን ጠይቀህ አስቀድመህ ስሟን ጻፍ።