ከእርግማን በፊት የነበረ ሥራ

ኮምፕረሰር የሚስበው አየር እርጥበት አለው። አየሩ ታምቆ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ውሃ ይሆንና ከታንከሩ ሥር ይጠራቀማል። በመኪና ፋብሪካ የጥገና ክፍል ለልምምድ የገባ ልጅ ገና እንደ ጀመረ ከሚሰጡት ሥራዎች አንዱ ይህን ውሃ በየጠዋቱ ማፍሰስ ነው። ደቂቃ አይፈጅም። ቢያፈስ የሚያመሰግነው የለም፤ ባያፈስም ያን ዕለት የሚያውቅበት የለም። ውሃው ግን ታንከሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ በአየር መስመሩ አልፎ ቀለም መርጫው ከደረሰ ደግሞ በአዲሱ ላሜራ ላይ የተረጨው ቀለም ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ይነፋል።

ልጁ ከአዲስ አበባው ኮልፌ ቀራኒዮ ከሆነ ወደዚያ ኮምፕረሰር ለመድረስ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ሰፈሮቹ አጠና ተራና አየር ጤና በምዕራብ ናቸው፤ መኪና የሚገጣጠምባቸው ዱከምና ቢሾፍቱ ደግሞ ከተማዋን አቋርጠው፣ ቃሊቲን አልፈው ነው የሚገኙት። የአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት የትብብር ሥልጠና የሚለው አካሄድ ሠልጣኙ 70 በመቶውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በተቋሙ እንዲማር ያዛል። ስለዚህ ትልቁ መማሪያው የሚሠራ ማሽን ነው። ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ የሚሉትን ከጣሊያንኛ የተወረሱ ቃላት እዚያ ይለምዳል። ካቻቢቴውን በሞተሩ አካል ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮው በማስጠጋት፣ ኩሽኔታው ሳይሰበር በፊት ማጉረምረሙን መስማትም እዚያ ይማራል።

ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ቃል ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። «ተምሮ ተምሮ ግራሶ ለበሰ» የሚል ዘመድ በየሰፈሩ አለ። ነገሩ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሃይማኖት ጥያቄ አይሆንም ነበር። ከሥሩ ያለው ግን የቆየ እምነት ነው፤ በእጅ መሥራት የቅጣት ዕጣ ነው፣ ብረት የሚነካም እጁ ንጹሕ አይደለም የሚል። ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ ተብሎ ሲፈራ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል፣ በጋብቻ ሲገለል ኖሯል፤ የጎንደር ቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ይህንን ስም ለዘመናት ተሸክመዋል።

እምነቱ የሚደገፍበት ጽሑፍ ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም። ሙሉው መጽሐፈ ሔኖክ የተረፈልን በግዕዝ ነው፤ በእርሱም ለሰው ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ አዛዝኤል ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም የናስና የብረት ሠሪው ቱባልቃይን ከቃየን ዘር ይቆጠራል። ታዲያ መካኒኩ የማን ልጅ ነው? የአዛዝኤል ደቀ መዝሙር?

መልሱ ከዚያው ከዘፍጥረት፣ ከምዕራፍ 2 ይገኛል። አዳም ገነት ሲገባ የተሰጡት ሥራዎች ሁለት ናቸው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የመረጠላቸው ግሦች ደግሞ ማበጀትና መጠበቅ ናቸው። ማበጀት! የተበላሸ ሰዓት የምናበጀው፣ ያዘመመ አጥር የምናበጀው በዚሁ ቃል ነው። ቃሉ የተነገረው ደግሞ ከበደሉ በፊት ነው። እሾህና አሜከላ፣ የፊት ላብም የመጡት በምዕራፍ 3 ነው። እርግማኑ በሥራው ላይ ድካም ጨመረበት እንጂ ሥራውን አልፈጠረውም። ጥገና የቅጣት ዕጣ ነው የሚለው እምነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ምስክር አለ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤል የእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ ነው። የናዝሬት ሰዎች ኢየሱስን ያቃለሉት ጸራቢ ነው ብለው ነበር። የኮልፌ ሙስሊም ጎረቤትም ከቁርኣን ሱረቱ ሰበእን ያነሣል፤ በዚያ አላህ ለነቢዩ ዳውድ ብረትን አለዝቦለታል፤ ነቢዩም ጥሩር ሠርቶበታል።

ከመጻሕፍቱ ውጭ ሕግም ምስክር ሆኗል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ የመጀመሪያዋን መኪና አዲስ አበባ አስገባ። በዚያው ዓመት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ፤ ሁሉም የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም ለአዋጁ ምክንያት አደረጉት። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናዋንና አዋጁን አስበው አላገናኟቸው ይሆናል። ነገር ግን መኪና በገባበት ዓመት መኪና ጠጋኙን ከስድብ የሚከላከል ሕግ መውጣቱ ዛሬ ሲያነቡት ልብ ይነካል። መኪናው ተለመደ፤ አዋጁ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም።

ለአዳም ከተሰጡት ሁለተኛው ግሥ፣ መጠበቅ፣ በፋብሪካው ውስጥ ቁልፍ ሆኖ ይታያል። ጠጋኙ እጁን ወደ ማሽን ከመስደዱ በፊት ኃይሉን ያቋርጣል፤ በማጥፊያው ላይ የራሱን ቁልፍ ይቆልፋል፤ ስሙ ያለበትን ምልክት ያንጠለጥላል፤ መክፈቻውን በኪሱ ይይዛል። ሁለት ሰዎች ከሠሩ ሁለት ቁልፍ ይንጠለጠላል። የአንዱ ሥራ ቢያልቅም የሌላው ቁልፍ እስካለ ድረስ ማሽኑ አይነሣም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የተሸከሙ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪዎች በየጋራዡ እየበዙ ነው፤ ይህ ጥንቃቄም አሁን ከፋብሪካ ውጭ ለሚሠራው ሁሉ ያስፈልጋል። ቃየን ወንድሙ የት እንዳለ ሲጠየቅ «የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?» ብሎ ነበር። ለማጁ ልጅ በየቀኑ በማጥፊያው ላይ የሚያንጠለጥለው ቁልፍ የዚያ ክህደት ተቃራኒ ነው፤ የወንድሙ ጣቶች ሳይወጡ ማሽኑ እንዳይነሣ ይጠብቃል።

በአማርኛ ሰው መልካም ሲሠራ «አበጀህ!» እንለዋለን። የምስጋናችንና የጥገናው ግሥ አንድ ነው። የኮልፌ ሰባክያን በዐውደ ምሕረት፣ ኡስታዞችም በየመስጊዱ ይህንን ለወላጆች ቢነግሩልን። ቱታ የሚለብስ ልጅ በቤትዎ ካለ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ከዱከም ደክሞ ሲገባ እጁን ሳይታጠብ በፊት «አበጀህ ልጄ» ይበሉት።