ይሁዳ በስንት ዓይን ይሣላል?

በአገራችን ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ግን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ በጎን ይሣላሉ። በመጨረሻው እራት ሥዕልም ብዙ ጊዜ ይሁዳን የምንለየው በዚሁ ምልክት ነው። ይሁን እንጂ በማዕዱ ዙሪያ የነበሩት ሐዋርያት ይህ ምልክት አልነበራቸውም፤ ለእነርሱ ይሁዳ እንደ ማንኛቸውም ወንድም ነበር። ግብዝነት በገጽ አይታወቅምና።

እንግሊዛዊው ማቲው ሉዊስ በ1796 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) «መነኩሴው» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ። በማድሪድ እንደ ቅዱስ የተከበረው ሰባኪ አምብሮሲዮ በስውር ወደ ዝሙትና ወደ ነፍስ ግድያ ይወርዳል። መጽሐፉ በመዳብ በተቀረጹ ሥዕሎች ታጅቦም ታትሟል። የእንግሊዝ አንባቢ ኃጢአቱን በሩቅ አገር፣ በሌሎች ገዳም አየ፤ ራሱን ግን እንዲመረምር የሚያስገድደው አልነበረም።

ይህ ፈተና ለእኛም ቅርብ ነው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ካቶሊክ፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች በአንድ ገበያና በአንድ ለቅሶ ቤት እንገናኛለን፤ ግብዙን በጎረቤት ቤተ ክርስቲያን መፈለግም ይቀለናል። ሐዋርያት ግን ጣታቸውን በማንም ላይ አልቀሰሩም፤ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ጌታን ጠየቀ። ይሁዳም ጠይቋልና የአፍ ጥያቄ ብቻ አይበቃም፤ መልሱን ለመቀበል መዘጋጀት ያስፈልጋል። ስለሆነም ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁሉ፣ በሥዕሉ ላይ ይሁዳን ለሕፃናት ካሳየን በኋላ ወደ ራሳችን ልብ እንመለስ።