የጎርፉ ባለቤት ማን ነው?

«የተፈጥሮ አደጋ» የሚለውን ሐረግ በሙያዬ ደጋግሜ ተርጉሜዋለሁ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የማታሬ ወንዝ ሞልቶ ቤቶችን ሲጠርግ ግን ሐረጉ አጠራጠረኝ።

ዝናቡን ሰማይ ሰጠ፤ ጎርፉንስ ማን አበጀው? ቀድሞ አፈር ይጠጣው የነበረውን ውሃ ዛሬ የኢስትሊ አስፋልትና ሲሚንቶ ወደ ቦይ ይገፋዋል፤ ቦዩን ደግሞ የምንጥለው ቆሻሻ ይዘጋዋል። ጎረቤቶቼ ግቢያችንን ሲሚንቶ ለማልበስ ሲያዋጡ እኔም ከፍያለሁ። ከጁጃ መንገድ ማዶ፣ በወንዙ ዳር በቆርቆሮ ቤት የሚኖረው ድኻ ከእኛ የሸሸውን ውሃ ይቀበላል። በዚያው ዓመት መንግሥት ከወንዝ በ30 ሜትር ርቀት ውስጥ ያሉ ነዋሪዎች እንዲነሡ አዘዘ፤ እነርሱ ግን በዚያ የሰፈሩት ወደው ሳይሆን አቅማቸው የፈቀደው ኪራይ ያ ብቻ ስለሆነ ነው።

ነገሩ የናይሮቢ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ውሃው የወረደው ደናቸው ከተመነጠረ ተራሮች ነበር።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ጥቃቅን ጥፋቶችም ያብራሉ። አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ የጣለ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም፤ ንጹሕ ነኝ ማለትስ ይችላልን? ጥፋት ለሺህ ሰው ሲከፋፈል ያንሳል እያልን እንጽናናለን። የሟቹ ሞት ግን አይከፋፈልም።