ወጪውን የሚቈጥረው ማን ነው?



እኛ የጨንቻ ወጣቶች ከደጋው ጫፍ ሆነን ቍልቍል ስንመለከት አባያና ጫሞ ይታዩናል፤ ሐሳባችን ግን ሐይቆቹን ተሻግሮ ይሄዳል። የዓለምን ወሬ በየዕለቱ እንሰማለን። አንዳችን ስለ ትምህርት፥ አንዳችን ስለ እንጀራ፥ አንዳችንም አገር ለማየት ብቻ መሄድን እንመኛለን።

ይህ ምኞት ኃጢአት ነውን? አይደለም። አብርሃም ከዘመዶቹ ተለይቶ ወጥቷል፤ የያዕቆብ ልጆችም በራብ ዘመን እህል ፍለጋ ግብፅ ወርደዋል። ከዶርዜ የተነሡ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሰፍረው በእጃቸው ሥራ ስንቱን ቤተሰብ አኖሩ! በጓሮአችን የምንለቅመው አፕል እንኳ ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚህ ሥር የሰደደ ነው።

ነገር ግን ጌታችን ስለ ግንብ ሠሪው ባስተማረው ምሳሌ (ሉቃ. 14) አስቀድሞ ሒሳቡን ያልያዘ ሰው ሥራውን መጨረስ እንደሚያቅተው አስጠንቅቆናል። ምሳሌው የተነገረው እርሱን ስለ መከተል ነው፤ ማስተዋሉ ግን ለመንገደኛም ይጠቅማል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር፥ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ። ያ መንገድ ብዙ የደቡብ ኢትዮጵያ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካን ተስፋ አድርገው የሚጓዙበት ነው። ደላላው የሚቈጥረው የራሱን ገንዘብ እንጂ የእኛን ነፍስ አይደለም። እናት በሬዋን ሸጣ የሰጠችውንም እርሱ ከወጪ አይጽፈውም።

እንግዲህ ወጪውን የምንቈጥረው እኛ ነን። ከመነሣታችን በፊት ለወላጆቻችን እንንገር፤ ሄዶ የተመለሰውን እንጠይቅ፤ ሕጋዊውን መንገድ እንፈልግ፤ በየትም አገር የሚያበላ ሙያ በእጃችን እንያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ የማኅበራችን ዕዳ ነው። ባዶ እጁን የተመለሰ ልጅ በመንደሩ ሲሳቅበት፥ ኀፍረቱ ወደዚያው መንገድ መልሶ ይነዳዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው አባት ግን ልጁን ከሩቅ ሲያየው ሮጦ አቀፈው እንጂ ገንዘቡን የት አደረስኸው አላለውም። እኛም የሚሄደውን በጸሎትና በምክር እንሸኝ፤ የሚመለሰውን ሮጠን እንቀበል።

ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።