ያለ አግባብ የተቀበሉትን የመንግሥት ገንዘብ ስለ መመለስ

ምስጋና ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ምእመናን ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! አላህን ፍሩ። የሰው ሐቅ በአንገታችሁ ሳለ ሞት እንዳይደርስባችሁ ተጠንቀቁ።

አቡበክር (ረ.ዐ.) ነጋዴ ነበሩ። ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ንግዳቸውን ትተው ከበይተል ማል ለኑሮ የሚበቃ ድርጎ ተቈረጠላቸው። ሞት በቀረባቸው ጊዜ ከሕዝብ ገንዘብ በእጃቸው የቀረው ሁሉ ለዑመር (ረ.ዐ.) እንዲመለስ አዘዙ። ዑመርም አቡበክር ከርሳቸው በኋላ ለሚመጣው ሰው ነገሩን እንዳከበዱበት ተናገሩ። የተፈቀደላቸውን የበሉ ሰው እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ ያልተገባውን የተቀበለ ሰውማ እንዴት ሊጠነቀቅ ይገባዋል!

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቍጥር 209 በ1955 ዓ.ም. ታወጀ፤ የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. የጡረታ አዋጅ ወጣላቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታ ደግሞ ኩታበርን ጨምሮ በወሎ ደጋ ለብዙ ችግረኛ ቤት ደረሰ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጡረተኛው ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ሞቱን ሳያስታውቅ አበሉን ይቀበላል፤ ወይም አገር ለቆ የሄደ ሰው ስም ከመዝገብ ሳይሰረዝ በስሙ እርዳታ ይወሰዳል፤ ወይም ጸሐፊው ተሳስቶ አብልጦ ይከፍላል። ከዓመታት በኋላ ሒሳቡ ሲመረመር ዕዳው ተከምሮ ይገኛል።

አንዳንድ ሰው «የመንግሥት ገንዘብ ባለቤት የለውም» ይላል። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። የጎረቤት ዕዳ ቢኖርብህ ደጁ ሄደህ «አውፍ በለኝ» ልትለው ትችላለህ። የሕዝብ ገንዘብ ባለቤቶች ግን ተቈጥረው አያልቁም፤ ባሏ የሞተባት ሴት፣ የቲሙ፣ ገና ያልተወለደውም ሕፃን አለበት። የስንቱን ደጅ ጠንተህ አውፍ ታስብላለህ? ስለዚህ ይህ ዕዳ ከግለሰብ ዕዳ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

እንግዲህ ፍርዱን ለዩ። ሳያውቅ የበላ ሰው ወንጀል የለበትም፤ ባወቀ ጊዜ ግን ገንዘቡ ዕዳው ነው። ዐውቆ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ካልመለሰ ተውበቱ አይሞላም። ከጡረተኛው ሞት በኋላ ያለ አግባብ የተወሰደው አበል ውርስ አይደለምና ወራሾች ሊካፈሉት አይገባም።

ያለው ሰው ዛሬውኑ ይክፈል፤ የሚችል ሰው ዕዳውን ማዘግየቱ ግፍ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የሌለው ግን አይሸሽ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ቀርቦ ችግሩን ይግለጽ፤ ልጆቹን ሳያስርብ በየወሩ የሚችለውን ለመክፈል በጽሑፍና በምስክር ይዋዋል፤ ደረሰኙንም ይጠብቅ። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 282 ዕዳ እንዲጻፍ፣ በአንቀጽ 280 ደግሞ ለተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪሻለው ጊዜ እንዲሰጠው ታዟል። እናንተም ሒሳብ የምትቈጣጠሩ ሹማምንት፣ የድኻውን የዓመት ቀለብ በአንድ ቀን አትንጠቁት።

ነጋዴዎች ሆይ! ከዘካ ስምንት ድርሻዎች አንዱ የባለ ዕዳዎች መሆኑን አትርሱ። በመንደራችሁ ሳያውቅ በልቶ መክፈል ያቃተው ድኻ ቢኖር በዘካችሁ አንሡት።

ዕዳው አሥር ዓመት ቢፈጅም ተስፋ አትቍረጡ፤ በቅን ልብ የሚመለስ እያንዳንዱ ብር ዒባዳ ነው። ቀሪውንም በኑዛዜያችሁ ጻፉ፤ ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላልና።

አላህ ከሰው ሐቅ ነፃ አድርጎ ይውሰደን። አሚን።