ደማም ስትወርድ በመስኮት ተመልከት

የእህቴ ልጅ፣ ትኬትህ ለደማም መቆረጡን እናትህ ነገረችኝ። ከተገኘ የመስኮት ወንበር ያዝ። አውሮፕላኑ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ሊያርፍ ዝቅ ሲል የምታየው አሸዋ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ የማረፊያው ግቢ ነው። 776 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በስፋት ከዓለም አንደኛ። አዲስ አበባን ከነዳርቻዋ ቢያስገቡበት ይተርፋል። የወሎ ገበሬ ልጅ ይህን ሲያይ «ወይ መሬት! እንዲሁ ጦሙን ይደር?» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር።

ሰው ግን ስፋት አይቶ አይሰፍርም። ዱሮ በዚህ በሳዑዲ ምሥራቃዊ ክፍል ሕዝቡ የተከማቸው ምንጭ ባለበት፣ በአል አህሳና በቀጢፍ ተምር ሥር ነበር። ደማምና ኮባር ዓሣ የሚጠመድባቸው፣ ሉል የሚለቀምባቸው ትንንሽ መንደሮች ነበሩ። በፈረንጆች 1938 ዳህራን ላይ ሰባተኛው ጉድጓድ ነዳጅ ሲያፈልቅ ደመወዝ መጣ፤ ሰው ደመወዙን ተከትሎ ጎረፈ። ዛሬማ ውኃው ራሱ ከባሕር ተወስዶ ጨዉ እየተለየ በቧንቧ ይመጣል። ገንዘብ ካለ ውኃ ወደ ሰው ይሄዳል ማለት ነው።

እኛ ደጋ ላይ የተጠጋጋነውም ዝናብ ስላለ፣ ወባም ስለማይደርስብን ነው። በ1977 ድርቅ ከወሎ ወደ ጳዌ የተወሰዱትን አስታውስ። የጠበቃቸው ለጥ ያለ ሜዳ ነበር፤ ስንቱን ግን ወባ ጨረሰው! በደጋው የቀረነው ደግሞ ማሳውን ስንከፋፈል ኖርን። የአያትህ መሬት ለአባትህና ለወንድሞቹ ሲደርስ በሬ ማዞሪያ እንኳ አልቀረውም። አንተን ወደዚህ የሚያመጣህ የመሬቱ ጥበት ነው፤ ስንፍናህ አይደለም፤ ማንም ቢልህ አትስማ።

ስለዚህ ቤት ስትፈልግ «ሐበሻ የት ይበዛል?» ብቻ ብለህ አትጠይቅ፤ ለምን እንደበዛ ጠይቅ። ሪያድ ማንፉሃ ወገናችን የታጨቀው ኪራዩ ስለረከሰ፣ እንጀራውም የሥራ ወሬውም እዚያ ስለሚገኝ ነበር። በፈረንጆች 2013 ፈቃድ የሌለውን ሠራተኛ የማደኑ አሰሳ ሲመጣ ግርግር ተነስቶ ሰው የሞተው እዚያው ሰፈር ነው። ብቻህን ኑር ማለቴ አይደለም። ሥራህ ኮባር ከሆነ ኮባር ተከራይ፤ ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ ማለቴ ነው፣ ከኪስህ አይለይ፤ ዓርብ ለቡና ከኛ ጋር ተሰብሰብ።

ገንዘብ መላክ ስትጀምር ደግሞ ያችኑ የአያትህን ማሳ ለማስፋት ከአጎቶችህ ጋር አትሻማ። ኮምቦልቻን እይ፤ ፋብሪካውና መንገዱ ሰው እየሳበ ነው፤ ሁለት ክፍል ብትሠራ ተከራይ አታጣም። የቦታውን ካርታ በእጅህ ይዘህ ሳታይ ግን ቀብድ እንዳትከፍል።